ቅዳሜ ቅዳሜ የሚነቀለው ቱቦ

ሥራ የጀመርሁ ቀን የተሰጠኝ አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ነጭ ጋውንና አንድ ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያውን የሰጠችኝ ዋና ነርሷ ሲስተር ብርቄ ናት። "እዚህ ከበሽተኛ ጋር ፖለቲካና ሃይማኖት አይወራም። አንቺ የምትለኪው ሙቀት ነው፤ ነፍስ አይደለም" አለችኝ። መንግሥት ከተለወጠ ገና ቅርብ ስለነበር ፖለቲካውን መፍራቷን አልፈረድሁባትም። ሃይማኖቱን ግን፣ አብዛኛው በሽተኛ ጠበል ቤት ደርሶ በሚመጣበት በላስታ ምድር፣ እንዴት አድርገን እንደምንተወው አልገባኝም። አልጠየቅሁም። ጤና ረዳት ነበርሁ፤ ጤና ረዳት አይጠይቅም።

የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም። የሠሩበት ያውቁታል።

ጤና ረዳት አልጋ ያነጥፋል፣ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ዕቃ ይቀቅላል። ካርድ ላይ የሚጽፈው ነርስ ነው፤ የሚያዝዘው ዶክተር ነው። በኋላ ተምሬ ነርስ ሆንሁ። የሆንሁትም ሲስተር ብርቄ የድጋፍ ደብዳቤዬን ሁለት ዓመት መሳቢያዋ ውስጥ ካቆየችው በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው በሕይወት ስላለች፣ ምናልባትም ታነበዋለች ብዬ ነው።

ቄስ ወልደ ሰንበት የመጡት ነርስ በሆንሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። ከአሸተን ማርያም ጀርባ ካለ መንደር አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው። ሽንታቸው ከተዘጋ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። ሆዳቸው ከእምብርት በታች ተወጥሮ ሲነካ ይጮኹ ነበር።

ዶክተሩ ከአዲስ አበባ የተመደበ ወጣት ነው። በዕድሜ ታናሽ ወንድሜ ይሆናል፤ እኔ "እርስዎ" እለዋለሁ፣ እሱ "አንቺ" ይለኛል። እጁ ግን ጥሩ ነበር፤ ይህን አልክደውም። የሽንት ቱቦውን በአንድ ሙከራ አስገባው፤ ከረጢቱ ወዲያው ሞላ። ቄሱ "ከሞት መለስኸኝ ልጄ" ብለው መረቁት። እሱም ዕጢ አብጦ መንገዱን እንደዘጋው፣ የደሴ ቀዶ ሐኪም ቀጠሮ እስኪሰጥ ቱቦው መውጣት እንደሌለበት ነገራቸው።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ቱቦው ጫፉ ላይ በስሪንጅ ውሃ የሚሞላ ትንሽ ኳስ አለው። ተንሸራትቶ እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው። ውሃው ሳይቀዳ ከተጎተተ ሥጋ ይቀድዳል።

ቄሱ ቅዳሜ ከሰዓት ቱቦውን ከነኳሱ ጎትተው አወጡት። ሲስተር ብርቄ ያገኘቻቸው ግቢው በር ላይ፣ ጋቢያቸውን ደም ነክቶት፣ መቋሚያቸውን ይዘው ነው። "ወዴት ነው አባ?" ብትላቸው "ወደ ቤቴ" ብቻ አሉ። ዶክተሩ "ዕድሜ ነው፤ ይምታታባቸዋል" ብሎ ቱቦውን መልሶ አስገባ።

በሳምንቱ ደገሙት። ደሙ ከፊተኛው በዛ። እስከ ማግስቱ ድረስ የሽንት ፊኛቸውን በጨው ውሃ ስናጥብ አደርን። ዶክተሩ ተናደደ። ካርዳቸው ላይ "ታካሚው አይተባበርም" ብሎ ጻፈና እጃቸው ከአልጋው እንዲታሰር አዘዘ።

ያሰርሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ነው ብል የሚያጣራ የለም፤ ግን እኔ ነኝ። ሰፊውን ፋሻ በአልጋው ብረት ላይ አዙሬ "አባታችን፣ ታዝዤ ነው" አልኋቸው።

"እሰሪ ልጄ" አሉ። እጃቸውን ራሳቸው አቀረቡልኝ። "ጣቶቼ ብቻ ይንቀሳቀሱ።"

ማክሰኞ ከመንደራቸው ጠያቂ መጣ። መስቀል ለመሳለም አንድ በአንድ ጎንበስ አሉ። ቄሱ እጃቸውን ማንሣት አልቻሉም። አንዲት አሮጊት ትንሽ አመነታችና ፋሻውን ሳመችው። እኔ የመድኃኒት ትሪዬን ይዤ ወጣሁ።

ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የመንገድ ዳር ከተማ ነጋዴ ተኝተው ነበር። ስኳር እግራቸውን አቁስሎታል። ከቄሱ ጋር ቀኑን ሙሉ ይቀላለዳሉ።

"ቄሴ፣ እስቲ ያ ጠበላችሁ ለስኳር ይሆን እንደሁ?"

"ከስኳርህ በፊት ምላስህን ያድንልህ ነበር ሐጂ። ግን ብዙ ጠበል ይፈጃል።"

ሐሙስ ዕለት የሐጂን ቁስል ሳጥብ ቄሱ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሲስተር፣ እኒህ ሰው አእምሯቸውን ስተዋል ነው የምትሉት?" አሉኝ።

"ዶክተሩ እንደዚያ ይላል።"

"ዶክተሩ ቀን አይቆጥርም? ሁለቱንም ጊዜ የነቀሉት ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ከምሳ ወዲያ እህል ውሃ አይቀምሱም። አላየሽም? እኒህ ሰው እኮ ቀዳሽ ናቸው! እኔ ራሴ ይኼ እግር እያዠ ውዱእ አልቆይልህ ብሎኝ ሶላት አቋርጬ እንደ ልጅ አልቅሻለሁ። ሸሁ መጥተው 'ለየሶላቱ እየታጠብህ ስገድ' ብለው ገላገሉኝ። እሳቸውን ማን ይገላግላቸው?"

"ለምን አይነግሩንም ታዲያ?"

"ወላሂ ለሴት አይነግሩሽም። አብሽሪ፣ እኔ እጠይቅልሻለሁ።"

የቅዳሜ እራታቸው ሳይነካ መመለሱን ካርዱ ላይ የጻፍሁት እኔው ነኝ። ላስታ ተወልጄ ላስታ አድጌ ያላየሁትን ሐጂ ማየታቸው እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

ዐርብ ጠዋት ሐጂ መልሱን ይዘው ጠበቁኝ። የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሁለት ቄስ ብቻ ነው። ቅዳሴ ከሁለት ቄስና ከሦስት ዲያቆን ባነሰ አይቀደስም። ቄስ ወልደ ሰንበት ከተኙ ወዲህ ሁለት እሑድ ቅዳሴ ታጉሏል። ከሰውነቱ ሽንት ወይም ደም የሚፈስስ ሰው ደግሞ መቅደስ አይገባም። ስለዚህ ቱቦውን ነቅለው ወደ መንደራቸው ሊወጡ ነበር።

የዶክተሩ ክፍል በር ላይ ቆሜ ይህንኑ ነገርሁት።

"እኔ ሐኪም ነኝ እንጂ የንስሐ አባት አይደለሁም" አለ።

"ንስሐ ይቀበሏቸው አላልሁም። ይጠይቋቸው ነው ያልሁት።"

"ብጠይቃቸውስ ምን እመልስላቸዋለሁ? እኔ ራሴ ካስቀደስሁ ስንት ዘመኔ ነው።"

እስከዚያ ቀን ድረስ የሚንቃቸው ይመስለኝ ነበር። ለካ ፈርቶ ኖሯል። ሄጄ ፋሻውን ፈታሁ።

ከሰዓት መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በሽተኛ አልጋ ላይ ሲቀመጥ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

"አባ፣ ቱቦው ወጥቶ ሽንቱ እንደገና ከተዘጋ ኩላሊትዎ ይጎዳል። ሊሞቱ ይችላሉ።"

"አውቃለሁ ልጄ። አንተ እንዳልሞት ትጠብቀኛለህ፤ እግዚአብሔር ያክብርህ። እኔም የምጠብቀው አለኝ። አርባ ቀናቸው የሞላ ሁለት ወንዶች ልጆች ክርስትና ሳይነሡ ቆመዋል። እናቶቻቸው ደጅ ቆመው ይመለሳሉ።"

ዶክተሩ "ቅዳሴው ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አላቸው።

"ሦስት ሰዓት። ቢረዝም ሦስት ተኩል።"

"ሳይጠጡ ነው?"

"ከቅዳሜ ጀምሮ።"

"እንግዲያው የሚጠራቀመው ሽንት ትንሽ ነው።" ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። "ቱቦው ለዚያ ሰዓት ብቻ ቢወጣና ምንም ባይፈስስዎ መግባት ይችላሉ?"

"እሱን እኔ አልፈርድም። የንስሐ አባቴ ይጠየቁ።"

"እኔም ቁስሉ ሳይድን አልፈቅድም። ይህን እሑድ ይተዉት።"

ቄሱ በጣታቸው ቆጠሩ። ሦስተኛው እሑድ መሆኑ ነው። "እሺ። አንተም አንድ ተውህ፣ እኔም አንድ ልተው" አሉ።

ሐጂ ሰይድ ከአልጋቸው "የሰኞ ገበያ አስመሰላችሁት እኮ!" ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

ያን ቅዳሜ የቄሱ እጅ አልታሰረም። ቱቦው ከቦታው ሳይነቃነቅ ውሎ አደረ።

በሳምንቱ ውስጥ የንስሐ አባታቸው፣ ማለትም ሁለተኛው ቄስ፣ መጥተው ከዶክተሩ ጋር ተነጋገሩ። ቱቦው ከወጣና ከታጠቡ፣ የሚፈስስም ከሌለ ይግቡ ብለው ፈቀዱ። ሽንቱም ጠርቶ ደም ጠፋ። ዶክተሩ ነርስ አብራ እንድትሄድ አዘዘ። ሲስተር ብርቄ ግን "ለቅዳሴ ነርስ አልመድብም" ብላ ከለከለችኝ። የዕረፍት ቀኔን ወስጄ ሄድሁ። ሁለት የተቀቀሉ ቱቦዎች፣ ጓንት፣ ስሪንጅና ከረጢት በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ቅዳሜ ከሰዓት ከቄሱ በቅሎ ኋላ በእግሬ ወጣሁ።

እሑድ ንጋት ላይ፣ በልጃቸው ቤት፣ የኳሱን ውሃ ቀድቼ ቱቦውን አወጣሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ታጥበው ነጭ ለብሰው ገቡ። እኔ ውጭ ጽድ ሥር ተቀምጬ ሰዓቴን አየሁ።

ክርስትናው መጨመሩን ማናችንም አላሰብንም። ሦስት ሰዓት አለፈ። ሦስት ተኩልም አለፈ። ሽንቱ ተዘግቶ ቱቦው አልገባ ቢለኝ ምን እንደምሠራ ደጋግሜ አሰብሁ፤ ሆስፒታሉ በበቅሎ ግማሽ ቀን ነው። አራት ሰዓት ሲሞላ ወጡ። ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ አንድ እጃቸው ሆዳቸው ላይ ነው። ሕዝቡ መስቀል ለመሳለም ተሰለፈ። እኔ ይሉኝታዬን ረስቼ "ዞር በሉ! ነገ ትሳለማላችሁ!" እያልሁ መሐል ገባሁ።

"ይቺ ቁጡ የማን ናት?" አለ አንድ ሽማግሌ።

"ከሆስፒታል የመጣች ናት መሰል።"

"ይታወቃል።"

ልጃቸው ቤት ስንደርስ አዲሱ ቱቦ ያለ ደም ገባ። ሽንቱ ሲወርድ ቄሱ በረጅሙ ተነፈሱ። "እናቶቹ ገቡ" አሉኝ ብቻ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ግምገማ ተጠራ። ሲስተር ብርቄ እጇን አውጥታ "የመንግሥት ዕቃ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ በሥራችን ሃይማኖት አስገብታለች" አለች። ዶክተሩ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። ያዘዘው እሱ መሆኑን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ማስታወሻ ደብተሩን እያየ ዝም አለ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈብኝ።

ከዓመታት በኋላ በአንድ ሥልጠና ላይ ይህንኑ ታሪክ ለታዳሚው ተረከ። "ጠየቅሁ፣ ደረስሁበት፣ ፈታሁት" አለ። ሐጂ ሰይድን አላነሣም። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነበርሁ፤ እኔንም አላነሣም። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም ይቅር አላልሁትም። ሆኖም ከቄሱ በኋላ በሽተኛን ቆሞ አነጋግሮ አያውቅም። ይህንንም ልጽፍለት ይገባል።

የደሴው ቀጠሮ በበጋው ደረሰ። ዶክተሩ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደም እንደሚታይ፣ ስንት እሑድ ሊቀርባቸው እንደሚችል ለቄሱ ዘርዝሮ ነገራቸው። እሳቸውም ቤተ ክህነት ለእነዚያ እሑዶች ቄስ እስኪያውሳቸው ጠብቀው ሄዱ። ድነው ያለ ቱቦ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቀደሱ።

ለወጣት ነርሶችና ሐኪሞች የምለው አጭር ነው። ካርድ ላይ "አይተባበርም" ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ፤ ተቀምጣችሁ ጠይቁ። ለእናንተ መናገር የሚያፍር ከሆነ ለማን እንደሚናገር ፈልጉ። ምክንያቱ ሃይማኖት ሆኖ ከተገኘም ከሕክምናው ጋር የሚሄድበት መንገድ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ከጠፋ ደግሞ ምን እንደሚያጣ በግልጽ ንገሩትና እሱ ይወስን።