የአያ ስማቸው ሙቅ መሬት

ባለፈው ሳምንት ከወረታ ወደ ይፋግ ስሄድ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጎማው ተነፈሰ። ሹፌሩ እስኪቀይር ወርጄ ቆምኩ። ከመንገዱ ዳር ባለው ረግረግ፣ ከደንገሉ መሀል አዲስ ቦይ ተቆፍሮ ጥቁር አፈር ዳርና ዳር ተቆልሏል። ጎንበስ ብዬ በመዳፌ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው።

«ልትገዛው ነው እንዴ?» አለና ሳቀብኝ ሹፌሩ።

የነካሁት ድሮ እንዲህ ያለ አፈር ሞቆ ስላየሁ ነው።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። አጎቴ አያ ስማቸው በጣና በኩል ያለች ረግረግ መሬት ነበረቻቸው። ቦይ ቀደው ውሃዋን አስለቀቁ፤ ደንገሏን አጭደው አቃጠሉ፤ ሽንኩርት ተከሉባት። የመጀመሪያው ሽንኩርት ጡጫ ያክል ነበር። በዓመቱ ግን ጉልበታቸውን ቁርጥማት ያዘው። ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄደው ሊታጠቡ ይመኛሉ፤ ሥራው አላላውስ አላቸው።

በመጋቢት አንድ ማለዳ ከባለቤታቸው ከእትዬ ጥሩ ጋር ወደ ማሳው ወረድን። ከመሀሉ እንደ ትንፋሽ የሳሳ ጭስ ይወጣል። ነበልባል የለም። በየማሳው የሚርመሰመሱት ነጫጭ ወፎች እዚያች ላይ ብቻ አላረፉም። አንድ ሽንኩርት ነቀልኩ። መሬት ውስጥ እንዳለ በስሏል፤ ወጥ ወጥ ይሸታል።

አያ ስማቸው አፈሩን ዳሰሱና ፊታቸው በራ።

«ወንዛዬ መሄድ ቢያቅተኝ ወንዛዬ ራሱ መጣልኝ!»

«አንቱ ሰውዬ፣ ፍል ውሃ ከሆነ ውሃው የታል?» አሉ እትዬ ጥሩ።

«ከሥር ነዋ! ቆፍር አንተ!»

ከዳር ቆሜ ቆፈርኩ። እሳቸው ሱሪያቸውን ሰብስበው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ፤ እግራቸውንም ሰደዱ። ባጠለቅሁ ቁጥር አፈሩ ይሞቃል፤ ግን ይደርቃል። ሥራሥር የበዛበት፣ እንደ ሱረት የላመ ነበር። ድንገት ጉድጓዱ አየር የሳበ መሰለኝ፤ ግድግዳው እፍ እንደተባለ ፍም ቀላ። እሳቸው የተቀመጡበት ጠርዝ ተናደ። እትዬ ጥሩና እኔ በብብታቸው ይዘን ጎትተን አወጣናቸው። እግራቸው ግን ተቃጥሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ አልቆሙም።

ውሃ ብናፈስበትም እሳቱ አልጠፋም፤ እዚህ ሲከስም እዚያ ይጨሳል። ክረምቱ አጠፋው። ውሃው ሲሸሽ ማሳው ከጎረቤት ድንበር በታች ጉልበት ያህል ሰምጧል።

«መሬቴ ወዴት ሄደ?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ጎርፍ ወሰደው አለ። ቦዩን እስከ መጨረሻው ተከትዬ አየሁ፤ የተደፋ አፈር የለም። ቆይቼ ከመጻሕፍት እንደተረዳሁት፣ ያ ጥቁር አፈር ውሃ ውስጥ ሳይበሰብስ የተከማቸ የጥንት ደንገል ነው። ውሃው ሲለቀው አየር ያገኘዋል፤ ሳይነድ እንኳ ቀስ እያለ ጋዝ ሆኖ ይተናል። ደንገል ሲቃጠል ወደ ሥር ሾልኮ የቀረው እሳት ያደረገው ማጣደፍ ብቻ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ «ሽቅብ ሄደ፣ አያ» አልኳቸው። ላም እንደጠፋችበት ሰው ሰማዩን ሲፈልጉ ቆዩ።

ዛሬ እሳቸው በሕይወት የሉም። ልጃቸውን፣ ውሃው ተመልሶ አፈሩን እንዲያቆየው ቦዩን ድፈነው ስለው «ታዲያ ምን ልብላ?» ይለኛል፤ እውነቱን ነው። ማሳው ግን ያለ ጭስ፣ ያለ ድምፅ አሁንም ዝቅ ይላል። ከድንበሩ ወደ ውስጥ በወረድኩ ቁጥር፣ አጎቴ ቆመውበት የነበረውን አፈር የምተነፍሰው ይመስለኛል።