በሐዋሳ ብቻ የተገኘው ፍጻሜ

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ በዓለም አቀፍ ደረጃ ታውቄያለሁ። የታወቅኩትም በውሸት ነው። ያውም ሰው ሊዋሽበት ይችላል ብላችሁ በማትጠረጥሩት ነገር፣ በአንድ አሮጌ የኮምፒዩተር ጨዋታ።

ያኔ ታቦር ተራራ ሥር፣ ከወፍጮ ቤት ጎን ባለች የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። አስተማሪ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ስድስት ኮምፒዩተሮች ነበሩን፤ አራቱ ይሠራሉ፣ አምስተኛው ደስ ሲለው ይሠራል፣ ስድስተኛውን ለቁጥር ያህል በጨርቅ ሸፍነን አስቀምጠነዋል። ቢሮ ለመቀጠር ሠርተፍኬት ለሚፈልግ ሰው መተየብና ሠንጠረዥ መሥራት አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ የምቀድመው በአንድ ምዕራፍ ነው፤ እሱንም የማነበው ጠዋት ታክሲ እየጠበቅኩ ነው።

ጨዋታው የመጣው ሥራውን ጨርሶ ከተማውን ከለቀቀ አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት በገዛናቸው አሮጌ ኮምፒዩተሮች ነው። ከአንዱ ካርቶን ሥር አራት ፍሎፒ ዲስኮች አገኘሁ። ዛሬ ልጆች እንደሚጫወቱት ተኩስና ሩጫ የለውም። ሥዕል ይታያል፤ ከሥዕሉ ሥር ባዶ መስመር አለ፤ እዚያ ላይ የፈለጉትን በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። «በሩን ክፈት»፣ «ገመዱን አንሳ»፣ «ሰውየውን ስለ መርከቧ ጠይቅ»። በትክክል ከተጻፈ የተባለው ይሆናል፤ ካልሆነ «አልገባኝም» ይላል። ታሪኩ ወንድሙ ባሕር ማዶ ስለጠፋበት መርከበኛ ነው። መርከበኛው ከደሴት ደሴት እየዞረ ወንድሙን ይፈልጋል።

ቲቸር የመጡት በዚህ መሀል ነው። ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጥተው የሰዋስው መጽሐፍ ልጽፍ ነው ብለው መተየብ ሊማሩ ተመዘገቡ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ተደብቄ ስጫወት ከኋላዬ ቆመው ደረሱብኝ። እንደ ድሮው ጆሮዬን የሚይዙኝ መስሎኝ ልዘጋው ስል፣ ተወው፣ ደግሞም የጻፍከው ዓረፍተ ነገር ጎዶሎ ነው አሉኝ። ወንበር ስበው ተቀመጡና መርከበኛው በሩን እንዲከፍት በጣም በተከበረ እንግሊዝኛ፣ እባክህን ችግር ካልሆነብህ በሚል አገባብ ጻፉለት። ማሽኑ «አልገባኝም» አለ። እንደገና ይበልጥ አክብረው ጻፉለት። አሁንም አልገባውም። ዞር ብለው አዩኝ፤ አስተዳደጉን የበደልኩት እኔ የሆንኩ ያህል ነበር አስተያየታቸው።

በሳምንቱ ግን ለመዱት። ደብተር ገዙ፤ የየደሴቱን ካርታ በማስመሪያ አሰመሩ፤ ማን ምን እንዳለ በቀይ እስክሪብቶ መዘገቡ። የሰዋስው መጽሐፉ እስከ ዛሬ አልተጻፈም፤ የእንግሊዝኛ ሰዋስው በሐዋሳ ተበላሽቶ ከቀረ አንዱ ተጠያቂ እኔ ነኝ።

ጨዋታው ለምን እንዲህ እንደያዛቸው ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ታናሽ ወንድማቸው ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ሄደ፤ መንግሥት ሲለወጥ አልተመለሰም። ወረቀት አልመጣም። በማለዳ ሽማግሌ ይዞ በር ያንኳኳ፣ መርዶ የነገራቸው ሰው የለም። መርዶ ካልተነገረ ደግሞ ድንኳን አይተከል፣ አይለቀስ። ለቲቸር የቀረላቸው ነገር ቢኖር የሰው ማጽናኛ ነው፤ ማን ቢመጣ «ይመጣል፣ ስንቱ ከሱዳን ተመልሶ የለ!» ይላቸዋል። አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሰምተዋል። ስለዚህ መርከበኛው ወንድሙን ያገኘዋል ወይስ አያገኘውም የሚለው ለእሳቸው የጨዋታ ነገር አልነበረም።

እናም ሦስቱን ዲስክ ጨርሰን አራተኛውን ስናስገባ አላነብም አለ። ጠረግነው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣነው፣ እፍ አልንበት። ሻጋታ በልቶታል።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ ይቀላል። ለኮምፒዩተር ዕቃ አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ ቲቸር በር ላይ ጠብቀው፣ ለመሆኑ ያ ዲስክ እዚያ ይገኛል ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለም ማለት ይቻል ነበር። አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን ኮምፒዩተር ላይ የማላውቀው ነገር አለ ማለት ሞት ሆኖ የሚታየኝ ሰው ነበርኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ እንዴታ፣ ጓደኛዬ ጋር አግኝቼ ጨረስኩት አልኳቸው።

«አገኘው?» አሉኝ።

«አገኘው» አልኩ።

እዚያ ላይ ብዘጋው ምን ነበረበት? አፌን ማን ይያዝልኝ! ወንድምየው ጢም አብቅሎ፣ እያነከሰ፣ በመጨረሻው ደሴት ዳርቻ ዓሣ ሲሸጥ እንዳገኘው፣ መጀመሪያ እንዳልተዋወቁ፣ በኋላ በድምፅ እንደለየው፣ አንድ በአንድ ተረክኩላቸው። ምን ዓሣ አሉኝ። ቆሮሶ አልኳቸው። የሐይቃችንን ዓሣ ውቅያኖስ ውስጥ ከተትኩት ማለት ነው። ቲቸር ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ያን ቀን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አረማመዳቸው ቀሎ ነበር፤ እኔም ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ኮራሁ።

ዓመት ሳይሞላ ማሠልጠኛችን በስልክ መስመር ኢንተርኔት አስገባ። አንድ ገጽ እስኪከፈት ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይቻላል። የጨዋታውን ስም ስፈልግ ምን ባገኝ ጥሩ ነው! በየአገሩ ተበታትነው የሚኖሩ የጨዋታው ወዳጆች ተሰባስበው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ አዲስ እየሠሩት ነው። አንዱ ሥዕሉን፣ አንዱ ሙዚቃውን፣ ሌላው የማይታየውን የማሽን ሥራ ተካፍለዋል። ሮጬ ለቲቸር ነገርኳቸው። ቲቸርም እስከ መጨረሻው ይሠሩታል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እንዴታ ብዬ አፌን ሳልዘጋ ነገሩ ገባኝ። እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት ፍጻሜ የእኔን ቆሮሶ ነጋዴ አያውቀውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ቲቸር ዘንድ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። እኔ የመረጥኩት ጨዋታውን ማስቀየር ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚወያዩበት ፎረም ላይ ተመዘገብኩና፣ ለሥራ ማመልከቻ በማስተምረው እንግሊዝኛ፣ «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» ብዬ ጀምሬ፣ እኛ አገር በደረሰው ቅጂ ላይ ፍጻሜው ሌላ መሆኑን በታላቅ አክብሮት አሳወቅኩ።

ጉድ ፈላ። ስቀው የሚያልፉኝ መስሎኝ ነበር። ለካ እነዚህ ሰዎች የአንድ በር ቀለም ቡናማ ነው ቀይ እያሉ ብዙ ገጽ የሚከራከሩ ናቸው። ማንም ያላየው፣ ሐዋሳ ብቻ የደረሰ ቅጂ አለ ሲባሉ ሥራቸውን አቆሙ። የዲስኩ ወረቀት ላይ ምን ተጽፏል? ሙዚቃው ምን ይመስላል? ወንድምየው የሚያነክሰው በየትኛው እግሩ ነው? እኔም እመልሳለሁ። በግራ እላለሁ፤ በሳምንቱ ረስቼ በቀኝ እላለሁ፤ እነሱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ቅጂ ሳይኖር አይቀርም ይላሉ። አንዱ ጨዋታው ለአፍሪካ ተብሎ ለብቻ ተሠርቶ ነበር የሚል ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። ማስረጃው እኔ ነበርኩ።

የመጨረሻውን ትዕይንት ሣልልን አሉኝ። በማውስ ሣልኩላቸው። ሥዕል አልችልም፤ ከሐይቅ ዳር ሌላ ባሕርም አይቼ አላውቅ። የሣልኩት ያው ዓሣ የሚራገፍበት ዳርቻችን ሆነ፤ ጀልባው፣ ሸንበቆው፣ ዓሣ አንጀት የሚጠብቁት ሦስት አባ ኮዳዎች ሳይቀሩ። አባ ኮዳ መቼም መላጣ ራሱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ እንደ ጡረተኛ ዳኛ የሚቆም ትልቅ ወፍ ነው። እነዚያ ሰዎች ሳምንት ሙሉ የሦስቱን ወፎች ምሥጢር ሲተነትኑ ከረሙ። ሞትን ነው የሚወክሉት አለ አንዱ። ሌላው፣ አይደለም፣ ሦስቱ ዲስኮች ናቸው አለ። እኔ አንጀት ፈልገው ነው ማለት አልቻልኩም።

መጨረሻ ላይ በረዶ አገር የሚኖረው አስተባባሪያቸው በግል ጻፈልኝ። የሥራ ዕረፍቱን ወስዶ ሐዋሳ ድረስ መጥቶ አራተኛውን ዲስክ በዓይኑ ሊያይ ነው። ሰውየው ለአንድ የሻገተ ፍሎፒ አውሮፕላን ሊሳፈር! እዚያው ተቀምጬ እውነቱን ጻፍኩለት፤ ዲስኩ አይነበብም፣ ፍጻሜውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ለአንድ አዛውንት ዋሽቼ ነው አልኩት። የአዛውንቱንም ነገር አልደበቅኩትም።

ፎረሙ ላይ ያልተሰደብኩት ስድብ የለም፤ በመዝገበ ቃላት እየፈለግኩ ነበር የተሰደብኩት። አስተባባሪው ግን አልሰደበኝም። ወፎቹ ደስ ይሉ ነበር፣ ነገር ግን እኛ የምንሠራው የነበረውን ነው፣ እንዲሆን የምንመኘውን አይደለም ብሎ ጻፈልኝ። ቀጥሎም እውነተኛውን ፍጻሜ ነገረኝ። ወንድምየው ሞቷል። በመጨረሻው ደሴት ላይ የቀበረችው አንዲት አሮጊት አለች።

ሥራው ሲያልቅ በሲዲ ልከውልኝ በፖስታ ደረሰ። ለቲቸር ግን አላሳየኋቸውም። አንድ ሰሞን ቫይረስ ነው አልኳቸው፤ ቀጥሎ መብራት ነው አልኩ፤ ቀጥሎ የሲዲ ማንበቢያው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ተማሪ በሌለበት፣ ደብተራቸውን ይዘው መጥተው ወንበር ሳቡ። የማመካኘው አለቀብኝ። ሲዲውን አስገባሁና፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ ቲቸር፣ እኔ ጨርሼው አላውቅም፣ ዋሽቼዎታለሁ አልኳቸው። አላዩኝም። ደብተራቸውን ገለጡና መጫወት ጀመሩ።

መንገዱን በቃላቸው ይዘውታል፤ ሁለት ሰዓት አልፈጀባቸውም። የመጨረሻው ደሴት ደረሱ። አሮጊቷ ደጇ ላይ ተቀምጣለች። ቲቸር በጨዋታው ውስጥ ያላናገሩት ፍጥረት የለም፤ ፍየል ሳይቀር ጠይቀዋል። አሁን ግን ጣታቸው ፊደሎቹ ላይ ቀረ። ስለ ቤቷ ጠየቋት። ስለ ዝናቡ ጠየቋት። ስለ ጉልበቷ ሕመም ጠየቋት። ማሽኑ ለሁሉም መለሰላቸው። ስለ ወንድሙ ግን አይጽፉም።

ካልጠየቋት አትነግርዎትም አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። ወንበራቸውን ወደ ጎን ስበው፣ «አንተ ጻፈው» አሉኝ።

ጻፍኩት። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ «አልገባኝም» ተባልኩ። በሦስተኛው አሮጊቷ ተናገረች። ሦስት መስመር ነው። በዝናብ ወራት እንደመጣ፣ እንደታመመ፣ ከቤቷ ጀርባ እንደቀበረችው። ቲቸር ሦስቱን መስመር ደጋግመው አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ያዙ። እኔ ይቅርታ መለመን ጀምሬ ነበር፤ በእጃቸው ዝም በል አሉኝ።

ከዚያ ለማንም ያልነገሩትን ነገሩኝ። ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል በር ላይ ዘበኛ የሆነ ሰው አለ። ከወንድማቸው ጋር በአንድ ጦር ውስጥ ነበር፤ እሱ ተመልሷል። ባገኙት ቁጥር ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቁታል፤ ሰውየው መሬት መሬት እያየ ይመልሳል። ያንን አንድ ነገር ግን ጠይቀውት አያውቁም። ከሩቅ ሲያዩት መንገድ የሚቀይሩበት ጊዜም አለ።

«ሁሉም ይመጣል ይለኛል» አሉ። «አንተም ጨመርክበት።»

እውነታቸውን ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ተነሡና ኮታቸውን ለበሱ፤ አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ።

በባጃጅ ወረድን። ዘበኛው ከሩቅ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሣ። ሰላምታ ጀመሩ፤ ጤናው፣ ባለቤቱ፣ ልጆቹ፣ የልጆቹ ትምህርት፣ የዘንድሮው ዝናብ። እንደ ሁልጊዜው መሆኑ ነው። ሰላምታው ሲያልቅ፣ እኔ ያው አመሌ ነውና ላግዛቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ።

«ወንድሜን የት ቀበራችሁት?» አሉት።

ዘበኛው ቆቡን አወለቀ። ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠግቶ፣ «ይቀመጡ፣ ቲቸር» አለና እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ነገራቸው። አጠገባቸው ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ አንዲት ቃል አልጨምርበትም። በማግስቱ ጠዋት ቲቸር ግቢ ድንኳን ተተከለ። እኔም ገብቼ አለቀስኩ፤ ላላየሁት ሰው እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።