ማንም ከእናቱ ያልሰማው ቃል

ባለፈው ቅዳሜ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ደጃፍ ተቀምጬ የግቢው ልጆች ለሩጫ ሲሰለፉ አያለሁ። የልጅ ልጄ ናቲ «ስታርት» ብሎ ጮኸና ሁሉም ተፈተለኩ። አንዲት ልጅ ብቻ መስመሩ ላይ ቀረች። ሐያት ናት፤ የባለሱቁ የወንድም ልጅ፣ ከስልጤ ከመጣች ገና ሳምንቷ። የሌሎቹን ጀርባ ካየች በኋላ ተከተለች፤ መጨረሻ ወጣች፤ ሳቁባት። ያን ጊዜ በልጅነቴ አብራኝ የተማረችው ጫልቱ ትዝ አለችኝ።

ያኔ አቃቂ ክረምት ሲገባ መረሬው ጭቃ ከእግራችን እየተጣበቀ፣ ጫማ ለሌለን ጫማ ይሆነን ነበር። የባቡሩ ጡሩምባ ሲሰማ ክፍሉ በሙሉ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ከፋብሪካው ሠፈር የመጣነው አማርኛ ስንናገር፣ ከወንዙ ማዶ ከገበሬዎቹ መንደር የሚመጡት ኦሮምኛ ብቻ ይዘው ይገቡ ነበር። ከጎኔ የምትቀመጠው ጫልቱ ከነሱ አንዷ ናት። ጥጃ ስትመልስ አይቻታለሁ፤ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም።

አንደኛ የወጣ ሳሪስ ሄዶ ለትምህርት ቤቱ ይሮጣል ተባለ። ጫልቱ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። አስተማሪያችን እትዬ ዘነበች ግን ሩጫውን አንዴ «ሂዱ»፣ አንዴ «በሉ እንግዲህ»፣ አንዴ «ቀጥሉ» እያሉ ነበር የሚያስጀምሩት። እኛ ቃሉ ሳያልቅ እንፈተለካለን፤ ጫልቱ የኛን ጀርባ አይታ ነው የምትነሳው። በምርጫው ቀንም እንዲሁ ሆነ። እኔ አንደኛ፣ እሷ ለጥቂት ተቀድማ ሁለተኛ።

ሲያጨበጭቡልኝ ንዴቴ መጣ። እትዬ ዘነበች ዘንድ ሄጄ «እትዬ፣ ይሄ አይቆጠርም። የቀደማት ጆሮዬ ነው እንጂ እግሬ አይደለም» አልኳቸው። ከኋላዬ አንዱ «አሸንፋ ታኮርፋለች ይቺ» ሲል ሰማሁት። በዚያ ዘመን አስተማሪ አይታረምም፤ ኩርኩም ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ጫልቱን አዩ፣ እኔን አዩና ወደ ክፍል መለሱን።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፉ። «ስታርት ይባላል፤ እንግሊዝኛ ነው፤ መጀመር ማለት ነው። ይቺን ቃል ከእናቱ የሰማ አለ?» ማንም እጁን አላወጣም። «እንግዲያው የሁላችሁም ናት» አሉ። ሳምንቱን በሷ ከረምን። ደብተር ስንከፍት ስታርት፣ ክፍል ስንጠርግ ስታርት፣ መዝሙር ስንዘምር ስታርት። ጫልቱ ከኔ እኩል ሰማቻት፣ ከኔ እኩል ለመደቻት። ሩጫው ሲደገም እኔ ያየሁት የጫልቱን ጀርባ ብቻ ነው። ሳሪስ የሄደችው እሷ ናት።

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ያቺን እንግሊዝኛ ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። እንደ እትዬ ዘነበች ያለ አስተማሪም አላየሁም። የአንዲት ሕፃን ቅሬታ ሰምተው የራሳቸውን ልማድ ለወጡ።

ዛሬ ያቺ ቃል ባለቤት አግኝታለች። ናቲ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የሚማረው፤ የአባቱ መኪናም ስታርት፣ ጌሙም ስታርት ነው። ሐያት ገና አማርኛውንም እየለመደች ነው። ተነስቼ ሁሉንም ወደ መስመሩ መለስኳቸው።

«አያቴ ደግሞ፣ አለቀ እኮ» አለ ናቲ።

«አላለቀም። ገና አልተጀመረም» አልኩት።

ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ ከፍ አድርጌ ያዝኩና፣ መሬት ስትነካ መሮጥ ነው ብዬ ለሐያት በእጄ አሳየኋት። ሁሉም ዓይን ነጠላዬ ላይ ሲያርፍ፣ ምንም ሳልናገር ለቀቅኳት።