አሥራ አራት ስልክ፣ አንድ ኢሜይል

ኮሌጅ የገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የተበላሸ ፕሪንተር እንድጠግን ተጠርቼ። ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት በራሴ ነው። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ሲተካ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች በካርቶን ታሽገው ወደ መሥሪያ ቤታችን ሲመጡ ባለ ዲግሪዎቹ ዙሪያቸውን ቆመው ያዩ ነበር። መመሪያውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አንዱን በሁለት ቀን ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ጡረታ ስወጣ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎን ጠባብ ክፍል ተከራየሁና ስልክ መጠገን ጀመርኩ። ይህን የምናገረው ለመመካት አይደለም፤ ቢሆንም የሚያስመካ ነው።

ጊዜው የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሕንጻዎች መነሣት የጀመሩበት ነበር። ሀዋሳ በአንድ ጊዜ በስማርት ስልክ ተሞላች። ሰው ስልኩን ገዝቶ ሲከፍተው ስልኩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ኢሜይል ነው፤ ኢሜይል ያለው ደንበኛ ደግሞ ከስንት አንድ ነበር። መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ እከፍትለት ነበር። ነገር ግን የይለፍ ቃላቸውን ከሱቄ ደረጃ ሳይወርዱ ይረሱታል። በእኔ ስልክ ቁጥርም ከጥቂት በላይ ልከፍት ስል እምቢ ይለኝ ጀመር። ስለዚህ መላ ዘየድኩ። አንድ ኢሜይል ከፍቼ፣ የይለፍ ቃሉን እኔ ዘንድ አስቀምጬ፣ አዲስ ስልክ ይዞ ለሚመጣው ሁሉ እሱኑ አስገባለት ነበር። የአንዱ ስልክ ቁጥሮች ከሌላው ጋር እንዳይደባለቁም ቁጥር ወደ ኢሜይሉ የሚልከውን ክፍል ዘጋሁት። አሥራ አራት ስልክ በዚህ መንገድ አስጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሱቆች ይህንኑ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ከማን እንደ ቀዱ አልጠየቅኋቸውም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሱቄን ለጥቂት ሰዓት እከፍታለሁ። በአንዱ እሑድ፣ አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ነጠላዋን እንደ ለበሰች አንዲት ሴት መጣች። ጸሐፊ ናት፤ ስልኳን ያስጀመርኩላት እኔ ነበርኩ። ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ ስልኬ ላይ የጻፍኩት ማስታወሻ ጠፋብኝ» አለች።

«መቼ?»

«ዘጠኝ ቀን ሆነው። አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት፤ ሳምንት አስቀምጦ ፎርማት አደረገው።»

«ታዲያ መጣልሽ?»

«የነበረው ፎቶም ሄደ።»

የዛሬ ጠጋኞች ስልክ ቢያስነጥሰው መድኃኒታቸው ፎርማት ነው። ማስታወሻው ምን እንደ ነበር ስጠይቃት ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። ዘጠነኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለቻት፤ የሚጥል በሽታ ይነሣባታል። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም መድኃኒቱን ለመለወጥም ላለመለወጥም የሚወስነው እናትየዋ በምትይዘው መዝገብ ነው። መቼ ተነሣባት? ስንት ደቂቃ ቆየባት? አራት ወር ሙሉ አንድም ሳታጓድል ጽፋለች። የበሽታውን ስም ግን የትም አላሰፈረችም፤ ስልኩን ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ትታው ስለምትነሣ፣ ሰው አይቶ ልጅቷን መነጋገሪያ እንዳያደርጋት ብላ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፤ በቃ። ቀጠሮው ማክሰኞ ነበር።

«ከጠፋብኝ ወዲህ ያለውን በወረቀት ይዣለሁ» አለች። «የበፊቱን ግን በግምት ነው የምነግረው። ባለፈው በግምት ነግሬው የጨመረላት መድኃኒት ልጄን አደንዝዟት ከረመ። እናት ሆነሽ እንዴት አላወቅሽም ቢለኝ ምን እላለሁ?»

ኢሜይሉን በኮምፒውተሬ ከፈትኩት። የተሰረዘ ማስታወሻ ለሰባት ቀን የሚቆይበት ቅርጫት አለው፤ እሱን አየሁት፣ ባዶ ነው። ሳምንቱን የበላው የፎርማቱ ጠጋኝ ነበር። ማስታወሻዎቹ መሐል ግን የእሷ ያልሆኑ ነገሮች አገኘሁ። የሽንኩርትና የዘይት ዝርዝር፣ የመዝሙር ግጥም፣ የጫማ ቁጥሮች፣ የአንድ ሰው የመድን ካርድ ቁጥር። «እነዚህ እኔም ስልክ ላይ አሉ፤ ከስልኩ ጋር የመጡ መስሎኝ ነበር» አለች። የአሥራ አራቱ ደንበኞቼ ጽሑፍ አንድ ላይ ተቀምጧል። የስልክ ቁጥሮቹን ስዘጋ የማስታወሻውን ክፍል አልዘጋሁትም ነበር። አንዱ የጻፈውን ስልኩ የኢንተርኔት መረብ ሲያገኝ ወደ ኢሜይሉ ይልከዋል፤ ሌላው ሁሉ ስልክ ደግሞ በተራው ይቀበለዋል። መሰረዙም እንዲሁ ይሄዳል። ማንም ሳይነግረኝ እዚያው ወንበሬ ላይ ገባኝ።

የጫማ ቁጥሮቹ የማን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ጫማ ነጋዴ ደንበኛ አለኝ። ደወልኩለት።

«ፋዘር፣ እኔም ልመጣ ነበር» አለኝ። «ስልኬ ውስጥ ሰው ይጽፋል።»

«ምን እያለ?»

«እኔ እንጃ። ሰኞ አንድ ሰዓት ከሃያ፣ ሐሙስ ሁለት ሰዓት። ቁጥር ብቻ። ድግምት መሰለኝ፤ ሰረዝኩታ።»

«ሁሉንም?»

«አንድም አላስቀረሁ። ጸበልም ረጨሁበት።»

«ስልኩ ላይ?»

«ሽፋኑን አውልቄ ሽፋኑ ላይ ነው እንጂ። ሞኝ አይደለሁም ፋዘር።»

ሴትየዋ ከአጠገቤ ሆና ሰምታለች። «እሱ የእኔን እንዴት ይሰርዛል?» አለችኝ።

ለመመለስ ጊዜ አልነበረኝም፤ አንድ ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር። መርዶ ያልደረሰው ሰው አያለቅስም። መረብ ያላገኘ ስልክም የተሰረዘውን አልሰማም፤ የድሮውን እንደያዘ ይቀመጣል። ከአሥራ አራቱ መካከል ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዳታ ያልከፈተ ማን ነው? አንድ ሰው ነበር። ታቦር ክፍለ ከተማ የሚኖር፣ በሹፌርነት ጡረታ የወጣ ወዳጄ። የእኅቱን ቡና ሊያስለቅም አለታ ወንዶ ሄዶ፣ ዳታ በማይሠራበት ገጠር ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ የተመለሰው ዓርብ ዕለት ነው። ዳታ የሚከፍተውም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሑድ፣ ከቸርች መልስ። ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ገና ጸሎት ላይ ነበር ማለት ነው። ሱቄን ቆልፌ ከሴትየዋ ጋር ባጃጅ ያዝን።

የሆነውን መንገድ ላይ ነገርኳት። ባጃጁ ስለሚጮህ ሹፌሩ አይሰማንም። ኢሜይሉን ያስገባሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ለአሥራ አራት ሰው አንድ እንደሆነ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳት። እንዲህ ያለውን ጥፋት ለማጥፋትም እውቀት እንደሚጠይቅ ልነግራት አስቤ ተውኩት።

«አሥራ አራት ስልክ ላይ ነበር?» አለች።

«ነበር።»

«ሰው አንብቦታል?»

«አይቀርም።»

ታቦር ስንደርስ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ወረደች።

ወዳጄ በሩ ላይ አገኘን። ሙሉ ልብስ ለብሶ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዟል። ስልኩ በእጁ ነው፤ በርቷል።

«ዛሬማ ጌታ ጸሎቴን ሰማ» አለኝ። «አንተም ወደኛ መንገድ ጀመርክ።»

«ዳታ ከፍተሃል?»

«ሰላምታ በቅዳሴ ነው የምትጨርሱት እንዴ?»

«ዳታ ከፍተሃል ወይ ነው የምልህ።»

«ካርድ ሞልቻለሁ። ምሳዬን በልቼ ልከፍት ነው። ምነው፣ ዳታም ጾም ገባ?»

«አምጣው። ምንም እንዳትነካ።»

ስልኩን በሁለት ጣቱ ይዞ እንደ ጋለ ብረት አቀበለኝ። መጀመሪያ የአውሮፕላን ምልክት ያለበትን ቁልፍ ነካሁ፤ ከዚያ ወዲያ ዳታ ቢከፈትም መረብ አያገኝም። አልበቃኝም፣ ሲም ካርዱን አወጣሁ። ቀጥሎ ማስታወሻውን ከፈትኩ። አለ። ሰኞ ጠዋት 1:20፣ ሦስት ደቂቃ። ሐሙስ ጠዋት 2:05፣ ሁለት ደቂቃ። ወደ ታች ወደ ታች እያለ፣ አራቱም ወር ያለ መሰለኝ። ስልኩን ለሴትየዋ አሳየኋት። በጣቷ እየገፋች እስከ ታች አየችው።

ወዳጄ በትከሻዋ በኩል አጮልቆ አየ። «እሱን ነው የምትፈልጉት? የመብራት መዝገብ እኮ ነው» አለ። «አንድ ሰው መብራት መቼ እንደ ጠፋ፣ ስንት ደቂቃ እንደ ቆየ እየጻፈ ይልክልኛል። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሦስት ደቂቃ ይላል፣ ሁለት ደቂቃ ይላል። የእኛ መብራት ሄዶ መች በሦስት ደቂቃ ተመልሶ ያውቃል? የት ሰፈር ነው፣ እባክሽ ልጄ? ቤት እዚያ ልከራይ።»

ሴትየዋ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ እስኪሞላ ሳቀች።

«የመሥሪያ ቤታችን ነው ጋሼ» አለችው። «ጄኔሬተር አለን።»

«እንዲያ በይኝ» አለ፤ አመነ።

ባለቤቱ የተሰመረ ደብተር ሰጠችን። ሴትየዋ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ስንጨርስ ደግሞ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ከስልኩ ታመሳክራለች። መዝገብ ቤት ሳለሁ ደብዳቤ እንዲህ ነበር የምናመሳክረው፤ በሃያ ሰባት ዓመት ሥራዬ አንድ ደብዳቤ ተሳስቶ አልወጣም። ቀጥሎ እያንዳንዱን ገጽ በእሷ ስልክ ፎቶ አነሣሁት። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ጽሑፍ እንደሌለ ነው የምቆጥረው፤ ይህ ሕግ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ነው።

ነገር ግን ወዳጄ ዳታውን መጨረሻ የከፈተው አለታ ወንዶ ከመሄዱ በፊት ነበር። ከዚያ በኋላ፣ ጫማ ነጋዴው እስከሰረዘበት ቀን ድረስ፣ አሥራ ሁለት ቀን የለም። የትኛውም ስልክ ላይ የለም። ሴትየዋ ከደብተሩ ፊት ተቀምጣ ለማስታወስ ሞከረች። ስብሰባ ላይ ሳለች ከትምህርት ቤት የተደወለላትን ቀን አስታወሰች። ሌላ አንድ ቅዳሜም አስታወሰች። ሌላው አልመጣላትም።

«በአራት ቀን አንዴ ነው የሚነሣባት፤ በዚያ ብሞላውስ?» አለች።

«አትሙዪው። ያወቅሽውን ጻፊ፣ ሌላውን ባዶ ተዪው።»

«ባዶ መስመር ለሐኪሙ ምን ይነግረዋል?»

«እንዳላወቅሽ ይነግረዋል። ግምት ከሞላሽበት ግን ያወቅሽ ይመስለዋል።»

ከዚህ የተሻለ መልስ የተማረ ሰው ይስጥ። ባዶውን ተወችው።

ወደ ሱቅ ስንመለስ የራሷን ኢሜይል እንድከፍትላት ጠየቀችኝ፤ በራሷ ስልክ ቁጥር ከፈትኩ። የይለፍ ቃሉ ጋ ስደርስ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ፊትዎን ያዙሩልኝ ጋሼ» አለች።

በገዛ ሱቄ ወደ ግድግዳው ዞሬ ቆምኩ። አሥራ አራት ሰው ሳስጀምር አንድም ጊዜ ፊቴን አላዞርኩም ነበር።

በዚያ ሳምንት የቀሩትን አሥራ ሦስቱን በየተራ ጠራኋቸው። የእያንዳንዱን ማስታወሻ ለይቼ፣ መጀመሪያ በወረቀት አውጥቼ፣ ለየራሳቸው ኢሜይል ከፈትኩላቸው። ምን እንደ ሆነም ነገርኳቸው፤ የማን ጽሑፍ እንደ ጠፋ ግን አልተናገርኩም። ጫማ ነጋዴው ብቻ ድግምት አለመሆኑን አላመነኝም።

ሴትየዋ በሐሙሱ መጣች። ሐኪሙ ደብተሩን ገጽ በገጽ አይቶ፣ አብዛኛው ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነቃ እንደሚነሣባት ከዝርዝሩ አውጥቶ፣ የማታውን መድኃኒት ሰዓት ቀየረላት። ባዶዎቹ መስመሮች ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። መድኃኒቱን በአዲስ ከመለወጤ በፊት ያልተቋረጠ መዝገብ እፈልጋለሁ ብሎ አንድ ወር ጨመረባት።

ወሩ አለቀ፤ መድኃኒቱም ተለወጠ። ልጅቷ አሥረኛ ክፍል እስክትፈተን ድረስ ሁለት ጊዜ ብቻ እንደ ተነሣባት እናትየዋ ነግራኛለች። ደብተሩን አሁንም ትይዛለች፣ ስልኩ ላይም ትጽፋለች። ሰዎችም ወደ እኔ ትልካለች። «እሳቸው ይችላሉ፤ ብቻ ኢሜይሉን በራስህ ቁጥር አስከፍት» እያለች እንደምትልካቸው ራሳቸው ደንበኞቹ ነግረውኛል።

በዚያ በተጨመረው ወር ውስጥ ልጅቷ ትምህርት ቤት ደረጃ ላይ ሳለች ተነሥቶባት ወድቃ የፊት ጥርሷ ተሸረፈ። እናትየዋ ይህን ስትነግረኝ ስለ ኢሜይሉ አንድ ቃል አላነሣችም። ቀኑን ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። ከማክሰኞው ቀጠሮ አሥራ ሰባት ቀን በኋላ ነው። ቆጠርኩት። አሥራ ሁለቱ ቀን ባይጠፋ ያን ቀን አዲሱን መድኃኒት ከጀመረች ሁለት ሳምንት አልፏት ነበር።