ተሸናፊ ይከፍላል፦ ጆተኒ ጭነን ከሸጎሌ ወደ ደቡብ

ሐሙስ ንጋት፣ ሸጎሌ

በሬ ያመጣው አይሱዙ ወደ ደቡብ ሲመለስ ጭነቱ እኔና አንድ ጆተኒ ነበርን። የከብት ተራው ገና አልሞላም። ብርዱ ከእንጦጦ ወርዶ አጥንት ይገባል። ሾፌሩ ጋሽ ደምሴ የጭነቱን ወለል በውኃ አጥበውታል፤ ሽታውን ግን ውኃ አላስለቀቀውም።

«አናጢው፣ ያንተ ዕቃ ከበሬ ይሻላል» አሉኝ ገመዱን እያጠበቁ። «አይረግጥም፣ አይራገጥም።»

ጆተኒውን፣ የጠረጴዛ እግር ኳሱን፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። ስምንት ብረት፣ ሃያ ሁለት የእንጨት ተጫዋች፣ አንዱ ቡድን ቀይ ሌላው አረንጓዴ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ቀጨኔ የተጣለ አሮጌ ጆተኒ አግኝቼ ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ እንደገና ፈታሁት። ይሄኛው አራተኛ ሥራዬ ነው፤ በረኛው ሲዞር ድምፅ የማያሰማ የመጀመሪያው ነው።

የምወስደው ለታላቅ እህቴ ለሰላማዊት ነው። ባሏን ተከትላ ከሻሸመኔ ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ ትኖራለች፤ የከተማዋን ስም አትጻፍ ብላኛለች። የአስተናጋጅነት ሥራዋን ለቃ የጨዋታ ቤት ልትከፍት ነው። አርብ ጠዋት የፈቃድ ኃላፊዋ መጥተው ቤቱን ያያሉ። «ቁማር ነው» ካሉ ቤቱ አይከፈትም፤ ጆተኒውም በመጣበት መኪና ይመለሳል።

የሚያሰጋን አከፋፈሉ ነው። በሰፈራችን በቀጨኔ ተሸናፊ ይከፍላል። ሁለት ሰው ይጫወታል፣ የተሸነፈው የጨዋታውን ሒሳብ ለባለቤቱ ይሰጣል፣ ያሸነፈው በነጻ ይወጣል። እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው፤ ማንም ቁማር ብሎት አያውቅም ነበር። በሰፈራችን ቤቲንግ ቤቶች ከታሸጉ ወዲህ ግን ሰው ጆተኒውንም በጎሪጥ ማየት ጀምሯል። እናቴም ከእነሱ አንዷ ናት። የጸሎት ሰው ናት። ልወጣ ስል በር ላይ ቆማ፣ «እህትህ ቤት ቁማር ከገባ እኔ እዚያ ቤት አልገባም» አለችኝ። ቀጥላም የመንገድ ዳቦ በፌስታል ሰጠችኝ።

ረፋድ፣ ሞጆ

ፀሐይ ቱሉ ዲምቱ ላይ አገኘችን። የክፍያ መንገዱ ለስላሳ ነው፤ ቢሆንም ሁለት ጊዜ አስቁሜ ገመዱን አየሁ። ጋሽ ደምሴ በሁለተኛው ላይ ሣቁ፦ «ሙሽራ ነው እንዴ የጫንነው?»

ሞጆ ላይ ቁርስ በላን፤ ፉል፣ ትኩስ ዳቦ፣ ሻይ ሃያ ብር። ከጎናችን ፑል ቤት አለ። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «ሁሉም የድርሻውን ይከፍላል» ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቱ ቀጭን፣ ጥርሱ ውስጥ ስንጥር የማይጠፋ ሰው ነው።

«እዚህ ተሸናፊ ይከፍላል ካልክ ቁማር ነው ይሉሃል» አለኝ። «ግማሽ ግማሽ።»

«ልጆቹ ተስማሙ?»

«ምን ይስማማሉ! ያሸነፈው ‹ለምን እከፍላለሁ› ይላል፣ የተሸነፈው ‹እሱ ካልከፈለ አልከፍልም› ይላል። እኔ መሐል ቆሜ ዳኛ ሆኛለሁ። ስማ፣ ወረድ ብለህ ብትጠይቅ ሌላ ይነግሩሃል። ሕጉ ከተማ በወጣህ ቁጥር ልብስ ይቀይራል።»

ቀትር፣ ባቱ

መቂን አለፍን። ሽንኩርት በጆንያ፣ ቲማቲም በሣጥን፣ ከዛፍ ሥር የተደረደረ ሐብሐብ። ሙቀቱ ጃኬቴን አስወለቀኝ። ባቱ ስንደርስ ሐይቁ እንደ ቆርቆሮ ያንጸባርቃል።

አሣ ጥብስ አዘዝን። ከምግብ ቤቱ ጀርባ ሁለት ጆተኒ አለ፤ አንዱ ሜዳው ዘንበል ስላለ ኳሱ ያለ ተጫዋች ይሄዳል። እዚህ ደግሞ ተሸናፊ ለስላሳ ይገዛል። ቤቱን የምታስተዳድረው ሴት ነገረችኝ፦ «ብር ከእጅ ወደ እጅ ካልሄደ ማንም አይናገረንም። ሚሪንዳ ቁማር ነው እንዴ?» ያን ጊዜ ወንበር ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ «የእኛ ልጅ አገር ሚሪንዳውም አይፈቀድም» ብለው ጣልቃ ገቡ። የልጃቸው አገር በሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ናት።

ጋሽ ደምሴ እስከዚያ ከአንድ የነዳጅ ቦቴ ሾፌር ጋር በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። አሸነፉ። ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና የሁሉንም ሻይ ከፈሉ።

«እርስዎ አሸንፈው እርስዎ ይከፍላሉ?» አልኳቸው።

«የእኛ የሾፌሮች ወግ ነው። ያሸነፈ ደስ ብሎታል፤ ደስ ያለው ይከፍላል። የተሸነፈው በየትኛው ልቡ ይክፈል?»

የቦቴው ሾፌር ሻዩን ፉት እያለ፣ «ደምሴ ደስታው በዝቶ ሊደኸይ ነው» አለ።

እኔም ሣቅሁ። ቀልድ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ወደ ማታ፣ የሰላማዊት ቤት

አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ፣ ከዚያ ሌላ ክልል። የክልሉን ወሰን የሚለይ ነገር ፈለግኩ፤ አንድ ሰሌዳና ያንኑ የሚመስል የበቆሎ ማሳ ብቻ አየሁ።

ሰላማዊት በሩ ላይ ቆማለች። ጆተኒውን አየችው፣ ጠጋ ብላ አሸተተችው።

«ማሙሽ፣ በሬ ነው የላክልኝ?»

«ሽታው ነገ ይለቃል።»

ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ወለሉ ግን ወደ በሩ ያዘነብላል። ጆተኒው ላይ ብርጭቆ ውኃ አስቀምጬ፣ ከአንድ እግር ሥር ጣውላ ሸጎጥኩ፤ ውኃው እስኪስተካከል ድረስ ሦስት ጊዜ ቀያየርኩ። የሰፈሩ ልጆች በር ላይ ተሰበሰቡ። ግማሽ ግማሽ ክፈሉና ሞክሩት አለቻቸው። አንዱ ረጅም ልጅ ፊቱን አጨማደደ፦ «ታዲያ አሸንፌ ምን ላተርፍ?»

ሰላማዊት ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ኃላፊዋ ባለፈው ሳምንት የነገሯትን ደገመችልኝ፦ አንዱ በሌላው ኪሳራ የሚጫወትበት ቤት ፈቃድ አያገኝም። በተሸናፊ ካደረገች ይዘጋባታል። ግማሽ ግማሽ ካደረገች ማንም አይመጣም። ለስላሳውም እዚህ አይሠራም።

የመንገዱን ሁሉ ነገርኳት፤ ሞጆን፣ ባቱን፣ በመጨረሻም ለማሳቅ ብዬ የጋሽ ደምሴን ዳማ። አልሣቀችም። ተነሥታ ቆመች።

«ያሸነፈ ይክፈላ!»

«ሰላም፣ እየቀለድሽ ነው። ማን ለማሸነፍ ይጫወታል?»

«አንተ ሰው እያየህ ላለመክፈል ብለህ ትሸነፋለህ?»

አሰብኩት። አልሸነፍም።

ወደ ረጅሙ ልጅ ዞረች። «አንተስ?»

«እኔ? በዚህ ልጅ? ሞቼ ነው!» አለ ጓደኛውን እያሳየ። ከፍሎ ሊያሸንፍ እጀታውን ያዘ። ጓደኛውም በሌላው በኩል ገባ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ጩኸት ብቻ ሆነ።

በቀረችኝ ቀይ ቀለም ግድግዳው ላይ እኔው ጻፍኩት፦ ያሸነፈ ይከፍላል። ብረቱን ማሽከርከር ክልክል ነው።

አርብ ጠዋት

ኃላፊዋ ነጠላ ጫማ የሚያደርጉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። በሩን፣ መስኮቱን፣ ሽንት ቤቱን አዩ። ከዚያ ግድግዳውን አነበቡ። ሁለቴ አነበቡት።

«ይሄ ቀልድ ነው?»

«አይደለም እትዬ» አለች ሰላማዊት። «ይጫወቱና ይዩት።»

እጃቸው ጆተኒ የሚያውቅ እጅ ነበር። ከኋላ ሁለቱን ብረት ሲይዙ ገባኝ፤ ጀማሪ ከፊት ነው የሚጀምረው። ሰላማዊት ልትሸነፍላቸው አልሞከረችም፤ ምላሷን ነክሳ ተጫወተች። እኩል ለእኩል እስከ መጨረሻው ኳስ ደረሱ። ኃላፊዋ ከተከላካይ አንድ ቀጥ ያለ መቱ። ጓ! የበር ላይ ልጆች ጮኹ፣ ቀጥሎም በአንድ ድምፅ፣ «ይክፈሉ! ይክፈሉ!»

ኃላፊዋ ዞረው ልጆቹን አዩ። ሰላማዊት በጣቷ ግድግዳውን አሳየች።

ቦርሳቸውን ከፈቱ። ብሩን ጆተኒው ጠርዝ ላይ አስቀመጡና መሣቅ ጀመሩ፤ ያ ዝግ ያለ ድምፅ እንዲህ ይሣቃል ብዬ አልጠበቅኩም።

«አሸንፌ ከፍዬ የወጣሁበትን ቤት ቁማር ቤት ነው ብዬ ልጻፍ? ምን ሊሉኝ?»

ፈረሙ።

ሰላማዊት አቀፈችኝ፤ በሬ በሬ እሸታለሁ። ለእማዬ ስልክ ደወልንና ሁሉንም ነገርናት።

«የተሸነፈውስ?» አለች።

«በነጻ ይሄዳል እማ።»

«እንዲህ ያለ ቁማር የለም» አለች። «ለፋሲካ እመጣለሁ። ቀዩ ቡድን የእኔ ነው።»

ቅዳሜ፣ ወደ ቤት

በሬዎቹ ከኋላ ናቸው፤ ሲራገጡ መኪናው ይንቀጠቀጣል። ባቱ ላይ ለሻይ ወረድን፣ ጋሽ ደምሴ ቆርኪዎቹን ደረደሩ። በዳማ አሸንፌያቸው አላውቅም። ዛሬ ግን ጥግ ላይ ያስቀመጡትን ቆርኪ ረሱት፣ እኔ አልረሳሁትም፤ ሦስቱን ዘልዬ በላሁ።

«አናጢው!» አሉ ራሳቸውን ይዘው።

እጄን ኪሴ ከተትኩ። የሁሉንም ሻይ ከፈልኩ።