የአፈር ትምህርት በዜማ

መሪጌታ ይሻው ከጉና ግርጌ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ታቦር እየወረዱ፣ በጎልማሳነታቸው ዩኒቨርሲቲ ግብርና ይማራሉ። የአፈር ሳይንስን አንዴ ወድቀዋል፤ ዳግም ከወደቁ ከዩኒቨርሲቲው መሰናበታቸው ነው። መጽሐፉ በዓይን ብቻ አልገባ አላቸው፤ እሳቸው ከልጅነታቸው የተማሩት በጆሮና በአፍ ነዋ!

የዲጂታል ቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሠናይት ኮምፒውተሩ ላይ ከመጽሐፍ ሌላ ቪዲዮም፣ በድምፅ የተቀዳ ትምህርትም እንዳለ አሳየቻቸውና ማዳመጫ አጠለቀችላቸው። መሪጌታ መምህሩ የሚለውን ሁሉ እንደ ዜማ ቤት እየተወዛወዙ ጮክ ብለው ይቀበሉት ጀመር። ጆሯቸው ተሸፍኗልና የራሳቸው ድምፅ አልተሰማቸውም። ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

ሠናይት ማዳመጫውን አነሣችና «መሪጌታ፣ እዚህ እኮ ዝም ተብሎ ነው የሚጠና!» አለቻቸው።

«ዝም ብዬማ አጥንቼ ወደቅሁ እኮ፣ ልጄ!»

ሠናይት ሳቋን ዋጥ አድርጋ የቡድን መወያያ ክፍሉን ከፈተችላቸው። ሲስቁ ከነበሩት መካከል ያንኑ ትምህርት የሚወስዱ ሁለት ተማሪዎች «እኛንም ያስቀጽሉን፤ እየተቀበልን እናጥና!» ብለው ተከትለዋቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው መሪጌታ ያወጣሉ፣ ልጆቹ ይቀበላሉ።

የፈተናው ዕለት መልሱ ከነዜማው መጣላቸው። ፈታኙ «ማነው የሚያንጎራጉረው?» ብሎ ሲቆጣ፣ ሦስት ሰዎች እኩል አቀረቀሩ። ሦስቱም አለፉ!