እናቴ ሻይ የቀዳችበት ለቅሶ

ከክፍል ስወጣ መምህራኑ ሁሉ ብድግ አሉልኝ። ሀርጌሳ ውስጥ ለፈረንሳይኛ ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ማንም ብድግ ብሎ አያውቅም፤ «ለመሆኑ ምን ይጠቅማል?» ነው ጥያቄያቸው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አንገቱን ደፍቶ፣ አላህ እናትሽን ይማራት፣ ለአንቺም ሰብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ አለኝ።

ክው አልኩ። ጠዋት ቁርስ አብረን በልተን ነው የተለያየነው። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አታነሳም። በታክሲ ወደ ሰፈራችን፣ ወደ ጋአን ሊባህ በረርኩ። ሾፌሩ መርዶዬን ሲሰማ ሬድዮውን ዘጋ። ደርሼ ሳይ በራችን ላይ ጫማ ተደርድሯል፣ ግቢው በሴቶች ሞልቷል። የቀረችኝ ተስፋ እዚያው አለቀች።

በመካከላቸው እናቴ ፔርሙስ ይዛ ሻይ ትቀዳለች።

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኔ ጉድ ግን ለብዙ መስከረም የሚበቃ ነበር።

በፈረንሳይኛ አንድ አጭር ልብ ወለድ ጽፌያለሁ። ተራኪዋ ለትምህርት ፈረንሳይ ሄዳ ሳለ እናቷ ትሞታለች፤ ለቀብር አትደርስም። አንዲት ተማሪዬ ወደደችው። ወደ ሶማሊኛ መለሰችውና በድምፅዋ ቀድታ ለጓደኞቿ ላከችው። በዚህ ከተማ የሰው ግጥም የሚያነበንብ፣ የባለቤቱን ስም ሳይጠራ አይጀምርም፤ እሷም ደንቡን ጠብቃ ከነአባቴ ስሜን ጠራች። ድርሰቱ ወዲያው «እናቴ ሞተች» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ፈጠራ ነው ብሎ ማን ይጠርጥር? ቅጂው ከስልክ ስልክ ሲዞር ዳሚ ሰፈር ያሉ ዘመዶቻችን ጋ ደረሰ። ተጠራርተው ለቅሶ ሲመጡ በሩን የከፈተችላቸው ሟቿ ራሷ ናት።

አክስቴ፣ ታዲያ ዋሸሽ ማለት ነው? ብላ አፋጠጠችኝ። ሌሎቹ አፍረው ሊነሱ ሲሉ እናቴ፣ በሕይወት ላለ ሰውም ዱዓ አይከለከልም ብላ መልሳ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ አናገረችኝ። ድሬዳዋ ከኖርንበት ጊዜ ጀምሮ፣ ሰው እንዲሰማብን የማንፈልገውን በአማርኛ ነው የምንነጋገረው።

«ሁሉንም ሰማሁት» አለች። «ሲቀብሩኝ አንቺ የለሽም።»

«ሆዮ» አልኳት፣ እናትነቷን በሶማሊኛ ጠርቼ፤ «ፈጠራ እኮ ነው።»

«ሻንጣሽስ?»

በሚመጣው ሳምንት ለዶክትሬት ወደ ፈረንሳይ ልበር ነው። ሂጂ ብላ የመረቀችኝ እሷ ናት፤ ሻንጣውንም አብራኝ አዘጋጅታለች። የምፈራውን ለወረቀት እንጂ ለእሷ ተናግሬው አላውቅም። እሷም የምትፈራውን አልነገረችኝም ነበር።

«ቅሪ አልልሽም» አለች፣ አጠገቧ ቦታ እየለቀቀችልኝ። «ግን ያን ቀን አትኖሪም። ነይ፣ ዛሬ አብረሽኝ አልቅሺ።»

ተቀመጥኩ። ዱዓው ሲጀመር እጆቼን ዘረጋሁ። ሴቶቹ «አሚን» ሲሉ የእሷ ድምፅ ከሁሉም በላይ ተሰማኝ፤ የእኔ አልወጣም።